ተለውጧል

ሥራ እንዲህ ሲሰምር ሰው መጠርጠር አለበት። ስርጉት ግን አልጠረጠረችም፤ ደስ አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከበሬ ደም ጋር ስትታገል የኖረች ልጅ፣ መርፌ ከተወጉት አሥራ አራት በሬዎች አሥራ አራቱም ድነዋል የሚል ውጤት እጇ ሲገባ፣ እስቲ ማን ይሙት፣ ቁጭ ብላ ትጠርጥር? አሶሳ ባለው የእንስሳት ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዋን እልል አለች። በረዳትነት አብራት የምትሠራው ኢንቲሳር ከወዲያኛው ክፍል ብቅ ብላ፣ "ምነው፣ አገባህ እንዴ?" አለቻት። ኢንቲሳር የሆሞሻ ልጅ ናት፤ የቤቷ ቋንቋ በርታ ስለሆነ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ማለት ይቀናታል። ስርጉት ከለመደችው ቆይቷል።

"ከማግባት ይበልጣል" አለቻት። "አሥራ አራቱም ድነዋል።"

በሽታው ገንዲ ነው። በአሶሳ ዙሪያ በሬ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከብቱ ዓይኑ ያነባል፣ ጸጉሩ ይቆማል፣ እየበላ ይከሳል፣ ሊጠመድ ሲል ጉልበቱ ይከዳዋል። የሚያመጣው ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ነው፤ ዝንብ ስትነክስ ይገባና ደም ውስጥ እየተርመሰመሰ ይራባል። ሲበዛ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሲያንስ ግን ይደበቃል፤ መርፌ የተወጋ በሬ ድኗል ተብሎ ከርሞ በወሩ ዘጭ የሚለውም ለዚህ ነው።

ይህ ጥገኛ አንድ ተንኮል አለው፤ የስርጉት የማስተርስ ጥናትም በዚሁ ተንኮል ላይ ነው። ፕሮቲን የሚሠራው ከአሚኖ አሲድ መሆኑን ትምህርት ቤት የሄደ ሁሉ ሰምቷል። ከአሚኖ አሲዶቹ አንዱ ፕሮሊን ይባላል፤ እሱም እንደ ሰው እጅ ግራና ቀኝ አለው። የበሬው ሰውነት የሚሠራው በግራው ነው። ጥገኛው ግን ግራውን ገልብጦ ቀኝ የሚያደርግ ኢንዛይም አለው፤ ይህ ኢንዛይም ደም ውስጥ ሲገባ የበሬውን መከላከያ ያወናብደዋል ይባላል። መከላከያው ጠላቱን ትቶ በባዶ ሜዳ ሲተኩስ ጥገኛው በመሀል ይፋፋል። ስርጉት ያሰበችው ቀላል ነገር ነው። በበሬው ደም ውስጥ ግራውን የሚገለብጥ ነገር ካለ ጥገኛውም አለ፤ ከጠፋ ጥገኛውም ጠፍቷል። ከደሙ ላይ ንጹሑን ፈሳሽ ትቀዳለች፣ ግራውን ፕሮሊን ትጨምርበታለች፣ ኢንዛይሙ ካለና ቀኙ ከተፈጠረ ቱቦው ይቀላል። ኢንቲሳር መቅላቱን የምትለካው በከርከዴ፣ በቀዩ የአበባ ሻይ ነው። "ይሄ ቀጭን ከርከዴ፣ ይሄ ወፍራም ከርከዴ" ትላለች፤ ማሽኑም ቢሆን ከሷ ብዙ አይርቅም።

ጥር ላይ የተቀዳው የአሥራ አራቱም በሬዎች ደም ቀልቷል። ከመርፌው ስምንት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት ላይ የተቀዳው ደግሞ አሥራ አራቱም ነጭ ውሃ ሆነ። ውጤቱ ይኸው ነው።

ለስርጉት ይህ መመረቂያዋ ነው። ለሌላው ሰው ግን ከዚያ ይበልጣል። ሐሙስ ዕለት አሶሳ ላይ ስብሰባ አለ። የክልሉ ሰዎችና አንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀምጠው፣ ለዘንድሮው እርሻ ለሰፈራ መንደሮቹ የትኛው የገንዲ መድኃኒት እንደሚገዛ ይወስናሉ። የሚወስኑትም የስርጉትን ሪፖርት ይዘው ነው። መድኃኒቱ አድኗል ካለች ያው መድኃኒት በካርቶን ይመጣል፤ ገበሬውም አምኖ በሬውን ያስወጋል። አላዳነም ካለች ሌላ ይፈለጋል። ግንቦት ገብቷል፤ ዝናቡ ጀምሯል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። ለጥናት የሚያዝ ከብት ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግበታል፤ ደንቡ ይህ ነው። አምባ አርባ ሦስት የተባለው የሰፈራ መንደር ገበሬዎች ግን አሻፈረን አሉ። እነዚህ ሰዎች በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። "በደርግ ጊዜ ቁጥር ያለው በሬ የማኅበሩ ነበር" አሏት። "አርሰን ስንጨርስ ይነዱታል። ቁጥር አናስነካም።" ስርጉት ራሷ የሰፈራ አምባ ልጅ ናት፤ አባቷም ያረሱት በእንዲያ ያለ በሬ ነው። ስለዚህ አልተከራከረችም። "የናንተን በሬ እኔ በስሙ አውቀዋለሁ" ብላ በመዝገቧ ላይ ጻፈች፦ የጎሹ ቡሬ፣ የእንዳለ ሻሾ፣ የጥጋቡ ዳለቻ። ስማቸው ከመልካቸው የወጣ ነው። ጥር ላይ ደሙን የቀዳችውም መርፌውን የወጋችውም እሷ ናት። ከዚያ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደች፤ መጋቢት ላይ ደሙን የቀዳላት በቅርቡ ከባምባሲ ተዛውሮ የመጣው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ኢተፋ ነው። ስም ዝርዝሩን በስልክ ላከችለት፤ እሱም ቤት ለቤት ዞሮ ቀዳ።

ሰኞ ጠዋት ስርጉት ባጃጅ ይዛ አምባ አርባ ሦስት ወረደች። ለስብሰባው የሚሆን ፎቶ ፈልጋ ነው። ከሁሉም የጎሹን ቡሬ መረጠች፤ ጥር ላይ ደሙ እንደዚያ የቀላ፣ መጋቢት ላይ እንደዚያ የጠራ ሌላ በሬ የላትም።

ጋሽ ጎሹ ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ጥር ላይ ስርጉት አንድ ሳምንት ያደረችው እሳቸው ቤት ነበር። ሲያይዋት ከማንጎው ጥላ ተነሱና ሁለት ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት።

"ጋሼ፣ ቡሬን ፎቶ ላነሳው ነው የመጣሁት። ሐሙስ ስብሰባው ላይ እርስዎም ይናገራሉ፤ ደብዳቤው ደረሰዎት አይደል?"

"ደርሶኛል፤ ማኅተም ያለው ነው። ቡሬ ደግሞ ፎቶ? ዘንድሮ ጉድ ነው። ፊቱን ላስታጥበው እንዴ?"

"ይተዉት፣ እንዳለ ነው የምፈልገው።"

በሬው ከበረቱ ወጣ። ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት፣ ደህና ቁመና ያለው በሬ ነው። ስርጉት አራት አምስት ጊዜ አነሳችው። ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ማንጎ ልጠው እየቆራረጡ በሳህን አቀረቡ፤ ተቀምጠውም ዝም አሉ። እትዬ አሰለፈች ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም፤ ስርጉት ግን ፎቶዎቿን ስታይ ልብ አላለችም።

"እንዲያው ልጄ፣ ይሄ የምትቀጂው ደም ምን ይነግርሻል?" አሉ ጋሽ ጎሹ።

ሁለት እጆቿን ዘረጋችላቸው። "ይኸውልዎ ጋሼ፣ ገንዲው በበሬው ደም ውስጥ የሚረጨው ነገር አለ። ግራ ሆኖ የተፈጠረውን ይይዝና ቀኝ ያደርገዋል። የበሬው ሰውነት ግራውን ነው የሚያውቀው። ቀኙ ሲመጣበት ግራ ይጋባል።"

ጋሽ ጎሹ ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። "ይህማ ቡሬ ነው በይኝ! የሞተው ቡሬ! ግራ ስጠምደው ዞሮ ዞሮ ቀኝ ካልሆንኩ ይል ነበር እኮ። እስኪለምድ ሁለት ቀንበር ሰብሮብኛል። ይሄኛው ደግሞ ግራውን ይዞ ዝም ነው፣ መነኩሴ ነው የሚመስል።"

እትዬ አሰለፈች ቢላዋውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። "ይኸው፣ በገዛ አፍህ አወጣኸው" አሏቸው።

የስርጉት ማንጎ እጇ ላይ እንዳለ ቀረ። "የሞተው ቡሬ?"

ጋሽ ጎሹ ሳቃቸው ጠፋ። መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

"ጋሼ፣ ጥር ላይ የወጋሁት በሬ የት አለ?"

"ሞተ ልጄ። በወጋሽው በሦስተኛው ሳምንት፣ የየካቲት ሚካኤል ማግስት። ወድቆ አደረ፣ ሲነጋ አልተነሳም። ሁለቱን ጥጃ ሸጠን ይሄን ገዛን። መልኩ ቡሬ ነው፤ ያው ቡሬ አልነው። ሞፈር ይዤ ስጮህ የኖርኩት ቡሬ እያልኩ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ አፌ ሌላ ስም አይለምድም።"

"ኢተፋ ሲመጣ ለምን አልነገሩትም?"

"ነገርኩት እንጂ!" አሉ፤ እዚህ ላይ ቀና አሉ። "ቡሬ እንዴት ነው አለኝ። ተለውጧል አልኩት። ጽፎታል፤ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ስርጉት ቦርሳዋን ከፍታ መዝገቡን አወጣች። የጎሹ ቡሬ በሚለው ረድፍ መጨረሻ ላይ በኢተፋ እጅ "ተለውጧል" የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ራሷ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች፤ ጎኑ ላይም "በጣም ጥሩ" ብላ ጽፋለች። ወይ አማርኛ! ሽማግሌው በሬ ቀየርኩ አሉ፣ የባምባሲው ልጅ የሰማውን ቃል ጻፈ፣ የአሶሳዋ ልጅ ተሻለው ብላ አነበበች። ማንም አልዋሸ፤ በሬው ግን የለም።

"እሺ እኔስ?" አለች። "ስልኬ አለዎት። ለምን አልደወሉልኝም?"

"ምን ብዬ ልደውል? የወጋሽው በሬ ሞተ ብዬ? ቤቴ ያደረ ልጅ፣ ባዕድ አገር ለትምህርት የተቀመጠ ልጅ፣ እንቅልፍ ልንሳሽ?"

"እኔ ንገራት ብያለሁ" አሉ እትዬ አሰለፈች። "ይሉኝታ ነው ይሄን ሰውዬ የሚገድለው። በይ ጨርሰን እንንገርሽ፤ ይሄም በሬ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ዓይኑ ያነባል።"

ስርጉት ሄዳ አየችው። እውነታቸውን ነው። የግራ ዓይኑ ርጥብ ነው፤ ትከሻው ላይ ያለው ጸጉር ቆም ብሏል። ፎቶ ስታነሳ ይህንን እንዴት እንዳላየች እሷም አልገባትም። ጋሽ ጎሹ ከኋላዋ መጥተው፣ "መርፌው ካለሽ ይሄንንም ውጊልኝ" አሏት። "ያ ቀኑ ደርሶ ነው የሞተ። ይሄኛው ይድናል።" መርፌው ቦርሳዋ ውስጥ አለ፤ ያው ጥር ላይ የወጋችው መድኃኒት ነው። አልወጋችም። ደሙን ብቻ ቀድታ ሄደች።

አማካሪዋ ዶክተር ቦዔዝ ክፋት የሌለባቸው፣ ግን ችኩል ሰው ናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"አንድ በሬ ነው" አሉ። "ክትትሉ ተቋርጧል ብለሽ አውጪው። አሥራ ሦስቱ ይበቁሻል።"

"አሥራ ሦስቱ ራሳቸው መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?"

"ስርጉት፣ ዛሬ ሰኞ ነው። ስብሰባው ሐሙስ ነው።"

"ዶክተር፣ ይሄ ቃል ያለው ጎሹ ላይ ብቻ አይደለም" አለችና መዝገቡን አዞረችላቸው። "ተለውጧል" የሚለው ሦስት ቦታ አለ። ሦስቱንም ነው በቀይ ያሰመረችባቸው። ሪፖርቷ ላይ "ጉልህ መሻሻል የታየባቸው" ብላ ለብቻ አውጥታቸዋለች። ዶክተር ቦዔዝ አይተው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ "ሂጂና ጠይቂ" ብቻ አሉ።

ኢንቲሳር ነገሩን ስትሰማ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። "እኛ ሆሞሻ ሰው ሲሞት ስሙን ለልጅ እንሰጣለን፤ ወላሂ፣ ለበሬም ይሰጣል እንዴ?" አለች። ከዚያ ግን ሳትጠየቅ በጥር የተቀዳውን ደም ከማቀዝቀዣ ማውጣት ጀመረች።

ማክሰኞ ስርጉትና ኢተፋ በእሱ ሞተር ሳይክል አምባውን ቤት ለቤት ዞሩ። ኢተፋ መንገዱን ሙሉ በራሱ ተናደደ። "ስም ላክሽልኝ፣ ስም ጠየቅኩ፣ ስም አሳዩኝ። ማል ጎና፣ ምን እናድርግ እንግዲህ!" ስርጉት አልወቀሰችውም። ወቀሳው የሷ መሆኑን ታውቃለች፤ "በስሙ አውቀዋለሁ" ያለችው እሷ ናት።

የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ በሬ ጥር ላይ የወጋሁት ራሱ ነው? አሥር ቤት ራሱ ነው አሏት። ጥጋቡ ቤት ዳለቻ ሞቶ ሌላ ዳለቻ ተገዝቷል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤትም እንደዚሁ። እንዳለ የሚባለው ጎልማሳ ጋ ሲደርሱ መዝገቡ ላይ "ተለውጧል" የሚል የለም፤ ስርጉትም ተስፋ አድርጋ ነበር።

"የኔ ሻሾማ ሞቷል" አለ እንዳለ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

"ታዲያ መጋቢት ላይ የቀዳሁት የማንን ነው?" አለ ኢተፋ።

"የወንድሜን ነዋ! ሻሾን አምጣ አልከኝ። የኔ የለም፤ የሱን ሻሾ አመጣሁልህ። እሱስ ሻሾ አይደለም እንዴ?"

ኢተፋ ሞተሩ ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ ስርጉትም ሳቋ አመለጣት። ቀጥሎ ግን አለቀሰች። እንዳለ ደንግጦ፣ "የኔ እህት፣ ለሻሾ ነው?" አላት። "ለሻሾም" አለችው።

አራት ሞተዋል ማለት ነው። ረቡዕ ላቦራቶሪ ውስጥ በጥር የተቀዳውን ደም እንደገና ሠሩት። ኢንቲሳር ቱቦዎቹን ደረደረችና አራቱን ወደፊት ገፋ አደረገቻቸው። ከሁሉም የቀሉት እነሱ ናቸው፤ የቡሬ፣ የሻሾ፣ የሁለቱ ዳለቻዎች። ከጎናቸው ደግሞ ሰኞ የተቀዳውን የአዲሱን ቡሬ ደም አስቀመጠች። ቀልቷል። ስርጉት ሪፖርቷን ከጎኑ ዘረጋች። መድኃኒቱ የማያድነው ከባድ የታመመውን ነው፤ የሷ ወረቀት ደግሞ ከባድ የታመመውን በተለይ ያድናል ይላል። በዚህ ወረቀት መድኃኒቱ ከተገዛ፣ ጋሽ ጎሹ ሁለተኛውን ቡሬ ሰኔ ላይ ይቀብራሉ። ከዚያ በኋላ የሚሸጥ ጥጃ የላቸውም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ደወለችላቸው። "ጋሼ፣ ነገ ሲጠይቁዎት እውነቱን ይናገሩ። ለኔ ብለው እንዳይደብቁ።"

"እሺ ልጄ" አሉ።

"ይማሉልኝ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ፤ አብሽሪ።"

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ጎሹ አዲስ ጋቢ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ሴት ንግግር የማታበዛ ናት፤ "ሪፖርቱን ከመስማታችን በፊት ባለቤቱን እንስማ" አለችና ወደ እሳቸው ዞረች። "አባቴ፣ በሬዎ ታሞ ነበር፣ ተወጋ። ዳነልዎ?"

ጋሽ ጎሹ ተነሱ። መጀመሪያ ያዩት ስርጉትን ነው፤ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ገርጥታ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ቀጥለው ያን ሁሉ ባለሥልጣን አዩ። ሽማግሌው ምን እንዳሰቡ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ይችን ልጅ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?

"ድኗል" አሉ። "እንዲያውም ጠብድሏል። የኛ ልጅ እጇ መድኃኒት ነው።"

ተጨበጨበ። ጋሽ ጎሹ ሲቀመጡ ለስርጉት አንገታቸውን ነቀነቁላት፤ አብሽሪ ማለታቸው ነው። ስርጉት በዚያች ሰዓት በአንድ ላይ አፈረች፣ ተናደደች፣ ወደደቻቸው። አባቷ በሕይወት ቢኖሩ ይህንኑ ነበር የሚያደርጉት። ዶክተር ቦዔዝ ከጠረጴዛው ጫፍ አዩዋት፤ ዝም ብትል ዝም እንደሚሉም ገባት። ቃሉ ተነግሯል፤ የበሬው ባለቤት ራሱ መስክሯል፤ ከእንግዲህ ማን ይጠይቃታል?

ወደ መድረኩ ወጣች። ወረቀቱን አልገለጠችም።

"ጋሽ ጎሹ የተናገሩት እውነት አይደለም" አለች።

ጋሽ ጎሹ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዙ።

"እኔን እንዳላፍር ብለው ነው። ጥር ላይ የወጋሁት በሬያቸው የካቲት ላይ ሞቷል። ከአሥራ አራቱ አራቱ ሞተዋል። በሪፖርቴ ላይ የዳነው ስማቸው ነው። ቁጥር ሳላደርግ በስም የመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይጠየቅ። እዚያ መንደር ይህ መድኃኒት ከባድ የታመመውን በሬ አላዳነም። አሁን የታመሙ አሉ፤ የጋሽ ጎሹ አዲሱ በሬም አንዱ ነው። ይህንኑ መድኃኒት ብትልኩ ይሞታል።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው "ሽማግሌው ዋሹ?" አለ፤ ጉምጉምታው ተነሳ። ጋሽ ጎሹ አልተንቀሳቀሱም፤ ጆሯቸው ብቻ ቀላ። ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን መታችና ስርጉትን አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቀቻት፤ ስርጉትም ከእንዳለ ሻሾ ጀምሮ አንድ በአንድ መለሰች። ውሳኔው ከምሳ በፊት መጣ። ግዢው ተሰረዘ። ሌላ ዓይነት የገንዲ መድኃኒት ከክልሉ መጋዘን ወጥቶ ሰኞ ወደ አምባዎቹ ይሄዳል፤ ለሁሉም አይበቃም፤ ለታመሙት ግን ይደርሳል። ዶክተር ቦዔዝ በአጠገቧ ሲያልፉ ቀስ ብለው፣ "ዘንድሮ አትመረቂም" አሏት። "ከአራቱ ተነስተሽ እንደ አዲስ ትሠሪዋለሽ። በቁጥር።" "እሺ" አለቻቸው።

ጋሽ ጎሹ ውጪ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ባጃጅ ይጠብቃሉ። ስርጉት መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። አላዩዋትም።

"ሰው ፊት ውሸታም አደረግሽኝ" አሉ።

"አዎ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።"

"በስድሳ ዓመቴ።"

ባጃጁ መጣ፤ ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ጋሽ ጎሹ ለመነሳት ዱላቸውን ሲፈልጉ፣ ስርጉት እስካሁን ያልተናገረችው ነገር ትዝ አላት። ሰኞ ስለ መዝገቡ ጠየቀች፣ ስለ ቀኑ ጠየቀች፣ ስለ ደሙ ጠየቀች፤ ሰው በሬው ሲሞትበት የሚባለውን ግን አላለችም።

"ጋሼ" አለች፣ "ለቡሬ እግዜር ያጽናዎ። ይተካልዎ።"

ጋሽ ጎሹ ዱላቸውን ይዘው እንደ ቆሙ ቀሩ።

"ማንም አላለኝ" አሉ። "ሌላ ስገዛ ሁሉም ተተካልህ ብሎ ዝም አለ። ዘጠኝ ክረምት አብሮኝ አርሷል እኮ፣ ልጄ። ቡሬ የሚተካ በሬ ነበር?"

ተመልሰው ደረጃው ላይ ተቀመጡና በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ስርጉት ለሹፌሩ ሂድ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ከጎናቸው አልተነሳችም።